ኪስ ያለው የጡት መሸፈኛ

ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም የቦሳ አዲስ ቀበሌ ነዋሪ በሙሉ፦ ልብስ ሰፊው ኤርሲዶ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ ወር፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚስቱ ስታጠባ የምታጠልቀው የጡት መሸፈኛ መስፋት መጀመሩ ታውቋል።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ነጠላ ባለበት አገር ለጡት ሌላ መሸፈኛ መስፋት ግን በጣሪያ ላይ ጃንጥላ እንደ መዘርጋት ነው። ኤርሲዶ ይህን አላጣውም። ስላላጣውም የሲንጀሩን መርገጫ አንዴ በረገጠ ቁጥር በሩን ሁለቴ ያያል።

ጣጣው ያለው ከውስጥ በኩል የሚሰፋው ኪስ ላይ ነው። መንግሥት ጸሎት ቤታቸውን ያሸገ ጊዜ፣ ምእመናኑ የተረፈቻቸውን አንዲት መጽሐፍ ቅዱስ አምስት ቦታ ገንጥለው ተከፋፈሏት። ለኤርሲዶ ቤት ከኢሳይያስ እስከ ሚልክያስ ደረሰው። አጋሮ ያሉት ወንድሞች ድርሻ ባለፈው ወር ተይዞ ተቃጥሏል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሚስቱ ያለምወርቅ ሕፃኑንና ነቢያቱን አንድ ላይ ታቅፋ በአውቶቡስ አጋሮ ትሄዳለች። ኬላው ላይ ፈታሾቹ የተደበቀ ቡና ፍለጋ ዘንቢል ይገለብጣሉ፣ ነጠላ ያራግፋሉ። ልጅ እያጠባ ባለ ጡት ላይ እጁን የሚሰድ ግን ገና አልተወለደም። ቢያንስ ኤርሲዶ ከትናንት ጀምሮ እንዳይወለድ እየጸለየ ነው።

ማንገቻው ክብደቱን ይችል እንደሆነ ለማየት፣ መጽሐፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ጨርቁን ከፍ ሲያደርገው በሩ ተበረገደ።

የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ፋንቱ ናት፤ ከራሷ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ላስቲክ እየገፈፈች ገባች። ከኋላዋ አብዮት ጥበቃው እሱባለው ከደጁ ክፈፍ ስር ቆሞ የጠመንጃውን አፈሙዝ በኮቱ ሸፈነ።

«እንዴት ዋላችሁ። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ አሞኝ ነበር ብሎ ነገር የለም።» ዓይኗ ኤርሲዶ እጅ ላይ አረፈ። «ምንድን ነው ይሄ አበባ አበባው?»

«የጡት መሸፈኛ ነው፣ ጓድ ፋንቱ።»

«ነጠላዋን አይጥ በላው?»

አልጋው ጫፍ ላይ ሕፃኑን የምታጠባው ያለምወርቅ አንገቷን ደፋች። ፋንቱ መልስ አልጠበቀችም። ጨርቁን ከኤርሲዶ እጅ ወስዳ በአንገቷ አጠለቀችው። ነቢዩ ኢሳይያስ ከነተከታዮቹ በሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆድ ላይ ተንጠለጠለ።

«ኧረ ይሄ ነገር ደግ ነው» አለች እጆቿን ዘርግታ። አጨበጨበች። ወደ ያለምወርቅ ዞረች። «አየሽ፣ ያለምዬ? በአንድ እጄ ልጁን፣ በአንድ እጄ ነጠላውን ይዤ ነው እያልሽ ሦስት ስብሰባ ሙሉ እጅሽን አላነሳሽም። ከእንግዲህ ምን ልትዪ ነው?»

ኤርሲዶ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። በስብሰባ እጅ አንስቶ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» ማለትን እምነታቸው አይፈቅድም፤ ሚስቱን እስከዛሬ ያዳናት ያቺው ነጠላ ነበረች። እሱ ደግሞ በገዛ መርፌው ሰበቧን ቀማት።

«ለእኔ ደግሞ ዝናብ መሸፈኛ ይስፋልኝ» አለ እሱባለው ከደጅ።

ፋንቱ ለማሳየት ያህል ግራ እጇን ጨብጣ ሽቅብ ስትወረውር፣ መጽሐፉ ተወዛውዞ ሆዷን መታት። እጇ ባለበት ቀረ። ቀስ ብላ አወረደችውና ኪሱን ዳሰሰች። የተገነጠለውን ጥራዝ በጨርቁ ላይ ስትከተለው፣ አውራ ጣቷ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሲያልፋቸው ኤርሲዶ ያያል።

«ኪሱ ለምንድን ነው?» ድምጿ ወርዷል።

«ለሕፃኑ ጨርቅ» የሚለው መልስ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያሰፋውን ጨርቅ ሳይጠራጠር የሚሰጠው «ጴንጤው አይዋሽም» ብሎ ነው፤ ይህን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ቢሆንም፣ ቢዋሽ የሚጠይቀው እግዚአብሔር ነው። መልሱን ዋጠው።

«አልዋሽዎትም፣ ጓድ ፋንቱ። አልነግርዎትምም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሕፃኑ ጡቱን ለቀቀ። ያለምወርቅ መልሳ አላጎረሰችውም።

«ምን አለ?» አለ እሱባለው፣ አንገቱን ወደ ውስጥ እየሰደደ።

«የሽንት ጨርቅ መያዣ ነው ይላል» አለች ፋንቱ ሳትዞር። «የሰው ሚስት ጡቷን አውጥታ ስታጠባ ምን ታፈጣለህ? ውጣ።»

እሱባለው አንገቱን መልሶ ወጣ። ፋንቱ መሸፈኛውን አውልቃ፣ ኪሱን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችውና ሲንጀሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ክንዶቿን ከጎኖቿ አራርቃ ፊቱ ቆመች።

«ለእኔም አንድ ስፋልኝ። ኪሱ እንዳይቀር። ጠበብ ይበል እንጂ፤ ፖስታ የሚያህል። ቶሌ?»

«ቶሌ» አለ ኤርሲዶ፣ እሺታው ከአፉ ቀድሞት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከትከሻዋ ላይ ያዘ። የፋንቱ የመጨረሻ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው በሰባ ዓመተ ምሕረት ሌሊቱን ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም፤ የት እንዳለ ቀበሌው ሦስት ጊዜ ጠይቋት፣ ሦስት ጊዜ «አላውቅም» ብላ ፈርማለች።

ሜትሩ ወገቧ ጋ ሲደርስ አላስችል አለው።

«ጓድ ፋንቱ፣ እርስዎ እኮ የሚያጠቡት ልጅ…»

«አንተ ልኬን ውሰድ» አለች፣ በሩን እያየች። «አልነግርህም።»