ከፈነዳው ኮከብ የቀረችው ነጥብ

እናቷ ካረፉ ወዲህ ስትወጣ "ደህና ዋይ"፣ ስትገባ "ደከመሽ ወይ" የሚላት ሰው አልነበረም። እሷም ሆድ ሲብሳት ሥራዋ ውስጥ ትደበቃለች። ሥራዋ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ውስጥ የቀሩትን ነጥቦች በሬዲዮ አንቴና እየለቀመች ካርታ ላይ ማስፈር ነው።

ከነጥቦቹ አንዷ ግን ከነከነቻት። ለምሳ ወጥታ በተመለሰች ቁጥር መቅረጫው ያቺ ነጥብ ጠፍታ እንደቆየች ያሳያል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባሕር ማዶ ባለ ሌላ ጣቢያ ለሚሠሩት የቀድሞ አስተማሪዋ ደወለች።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የዚህ ክፍል ዕቃ ይመስለኛል። እስኪ በእርስዎ አንቴና ይዩልኝ።"

"ዕቃሽን በከንቱ አትጠርጥሪ፣ ልጄ። እኔም ጋ እኮ በዚያው ሰዓት ትጠፋለች" አሉ ሽማግሌው። "አሁን ግን ይኸው ታበራለች።"

የሆነ ነገር ሽው አለባት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

"ጠፋች" አሉ።

እጇ መዝጊያው ላይ ቀረ። አንቴናው አሁን የሚለቅመው የሬዲዮ ሞገድ ከዚያች ነጥብ ሲነሳ እንኳን እሷ፣ የቅድመ አያቷም ቅድመ አያት አልተወለዱም ነበር። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

"በራች" አሉ ሽማግሌው። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ?" ሲሉ ጠየቋት።

"ምንም፣ ጋሼ" አለች። "ተቀመጥኩ።"