ጡሩምባ የነጠቃት ልጅ

ልጅ እናቱን መጥላት የሚጀምረው በስንት ዓመቱ ነው? ጌጤ ይህን የሚነግራት ሰው እስከ ዛሬ አላገኘችም።

ባሏ ይሻው ለሥራ መተማ ከወረደ ወዲህ፣ ደብረ ታቦር ላይ ያላት ሰው ልጇ አንዱአምላክ ብቻ ነው። ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ታወራዋለች። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷት በማንኪያና በክዳን ይጫወታል። "አንዱዬ!" ስትለው ዞር አይልም።

የጎረቤቷ ሙዚቃ ሲጀምር ግን የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።

ጎረቤቷ ሕሊና ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የሐዋሳ ልጅ ናት። አሮጌውን ቤት በአንድ ግድግዳ ተካፍለውታል፤ የጣውላው ወለል ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ሕሊና ከሥራ ስትመለስ ስዊንግ የሚሉትን የድሮ ጃዝ በስፒከር ትከፍትና በጫማዋ ወለሉን እየረገጠች ትጨፍራለች። ጡሩምባው ሲያብድ አንዱአምላክ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ በጉልበቱ እጥፍ ዘርጋ እያለ ይስቃል።

"ጭፈራው የሁለት ሰው ነበር፤ እኔ ለብቻዬ አሟላዋለሁ" ብላታለች አንድ ቀን ሕሊና እየሳቀች።

ጌጤም ሳቀች። ግን ቀናችባት።

የቤቱ ባለቤት እማማ አሰለፈች ነገሩን አይተዋል። "ወይ ጉድ! መምህሯ ልጅሽን በጡሩምባ ቀማችሽ" አሏት።

"እኔ ምን አደረግሁት፣ እማማ?"

"የልጁ ኩራት ነዋ! ጀግናም ነው፤ ትናንት ያ ሁሉ መብረቅ ሲጮህ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።"

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ጌጤ የራሷን ድምፅ እንኳ መስማት አቃታት። አንዱአምላክ ድንገት ማንኪያውን ጥሎ ተነሣ። ግድግዳው ጋ ሄዶ ጉንጩን ለጠፈ። እጥፍ ዘርጋ አለ።

"አንዱዬ! እኔ ጋ ና!"

ዞር አላለም።

ይህን ሁሉ ዝናብ አልፎ ጡሩምባ የሚሰማ ጆሮ፣ የእናቱን ድምፅ ምን ብሎ ይንቃል? ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ዛሬ ለምናም ቢሆን ታስዘጋዋለች፤ እምቢ ከተባለች ቤት ትለቃለች።

በሩን ስትገፋው ሕሊና እጇን ለሌለ ሰው ዘርግታ፣ ላብ በላብ ሆና ትጨፍራለች።

"የኔ እኅት፣ ስለ ማርያም፣ ዝጊልኝ!"

"ምኑን?" ሕሊና እግሯን አላቆመችም። "መብራት ጠዋት እንደሄደ አልመጣም። ስልኬም ባትሪ ጨርሷል። በቃሌ ነው የምጨፍረው።"

ጌጤ ወደ ኋላ ተመልሳ በራሷ በር አየች። ልጁ እጥፍ ዘርጋ እያለ ይስቃል።

"ምነው፣ ጌጤ?" አለች ሕሊና፣ ቆም ብላ።

ወለሉ መንቀጥቀጡን ሲተው አንዱአምላክም ቆመ።

እስኪ ምከሯት፤ ይህን ልጅ ከእንግዲህ በምን ትጥራው?