ስም የማይጠራበት ድምፅ

ጥናቱ ሰው ስለጠፋባቸው ቤተሰቦች ሐዘን ነበር። ልጃቸው ለጠፋባቸው እናት፣ ይህ እሱን ለማፈላለግ እንዳልሆነ አጥኚዋ ደጋግማ አስረድታለች። ልቧ ስላልረጋ፣ ድምፅ መቅጃውን ከመክፈቷ በፊት፣ «እስቲ የገባዎትን ይንገሩኝ፣ እማማ» አለቻቸው።

«ድምፄ ይቀዳል፣ ስሜ አይጠራም፣ ካላሰኘኝ ትቼ እሄዳለሁ» ብለው አንድ ሳያስቀሩ በቃላቸው ወጡት። አጥኚዋ እፎይ ብላ መቅጃውን ከፈተችው።

እናትየው ሻሻቸውን አስተካከሉ። መቅጃውን፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር፣ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና ጎንበስ አሉበት። «የኔ አባት፣ ቤት አልቀየርኩም። ቁልፉም እዚያው ነው።» ከዚያ ወደ አጥኚዋ ቀና ብለው፣ «ስሜ ካልተጠራ እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?» አሏት በሹክሹክታ።

የአጥኚዋ ጣት ማጥፊያው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ግዴለም» አሉ እናትየው ራሳቸውን ሲያጽናኑ፣ «ድምፄን አይስተውም።»