ለሼልቢ እጅ የሚሆን ሽጉጥ

ሁለቱ ሴቶች ቨርን ሱቅ ሲገቡ እየተጣሉ ነበር። ትልቋ እየተጣላች ነበር ማለት ይሻላል፤ ወጣቷ ዝም ብላ ትከተላት ነበር።

ቨርን በዚያች የኦክላሆማ ከተማ ሽጉጥ ሲሸጥ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ባልና ሚስት እየተነጫነጩ ሲገቡ ለምዷል። አማትና ምራት አንድ ላይ ሽጉጥ ሊገዙ ሲመጡ ግን አይቶ አያውቅም።

አማቲቱ ላቮን ትባላለች፤ ምራቷ ደግሞ ሼልቢ። ላቮን ሰላምታም ሳትሰጥ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ልጅቷ ሽጉጥ ነክታ አታውቅም። ከልብስ ሥር የማይታይ፣ ቀኑን ሙሉ ቢታጠቁት የማይቆረቁር ነገር ትፈልጋለች። ደግሞም ዛሬውኑ።

ሼልቢ በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ከተደረደሩት ሽጉጦች ሁሉ ትንሿን በጣቷ አሳየች። ጀማሪ ሁሉ የሚመርጣት እሷን ነው። ቨርን አውጥቶ ሰጣትና እንደ ልማዱ አስረዳት። ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ለመያዝ ይመቻል፤ ሲተኮስ ግን እጅ ይመታል። የገዛት ሰው አንድ ቀን ተኩሶ ይማረርና መሳቢያ ውስጥ ይረሳታል።

«መልሳት» አለች ላቮን። «መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ አልፈልግም።»

«የምትታጠቀው እሷ ናት፣ እመቤቴ። እሷ ትምረጥ።»

«እሷ መምረጥ ብታውቅ ኖሮ እዚህ አንቆምም ነበር።»

ቨርን ከፍ ያለ፣ እጀታው እጅ የሚሞላ ሽጉጥ አወጣ። ባዶ መሆኑን አሳያትና እንድታቀባብለው ነገራት። ሼልቢ ሞከረች፤ አቃታት። በድጋሚ ስትሞክር ነው ቨርን ግራ እጇን ያየው። ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም። ምን ነክቷት እንደሆነ ጠየቃት።

«በር ነው» አለች ላቮን፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት።

ሼልቢ አማቷን ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን ወደ መስታወቱ መለሰች።

ቨርን ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ለደካማ እጅ የሚቀባበል ሽጉጥ ፈልጎ አመጣ። ይሄኛው እሺ አላት። መዳፏ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ጣቷም ቃታው ላይ ያለ ችግር ደረሰ። ከዚያ የምትይዝበትን ማኅደር መምረጥ ቀጠሉ። ሼልቢ ቦርሳዬ ውስጥ ይሁን አለች፤ ወገቤ ላይ ከሆነ ስቀመጥ ይወጋኛል ብላ።

«ቦርሳሽ ሳሎን ተሰቅሎ አንቺ ማጀት ብትሆኚስ?» አለች ላቮን። «ወገብሽ ላይ ነው። ለምደሽው እስክትረሺው ድረስ።»

ቨርን እጁ ማኅደሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ወደ እሱ የሚመጣ ሰው የሚያወራው ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ነዳጅ ማደያ፣ ስለ ጨለማ መንገድ ነው። እነዚህ ስለ ማጀት ያወራሉ። ቤት ውስጥም ልትታጠቀው እንደሆነ ጠየቀ።

«በተለይ ቤት ውስጥ» አለች ላቮን።

ከሱቁ ጀርባ መተኮሻ ቦታ ነበረው። ሼልቢ በመጀመሪያው ተኩስ ዓይኗን ጨፈነች። ጥይቱ ከዒላማው ወረቀት ሥር አፈር ላይ አረፈ። እጇ መንቀጥቀጡን ማቆም አቃተው፤ ሽጉጡን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

ላቮን ከኋላዋ ተጠጋች። «ልጄን ከቤቴ ያወጣሽብኝ ቀን እጅሽ አልተንቀጠቀጠም» አለቻት። «ዛሬ ምን ሆነ?»

ሼልቢ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ዞር ብላ አማቷን ረጅም ጊዜ አየቻት። ቨርን ያንን አተያይ አልወደደውም። ከዚያ ሽጉጡን አነሳችና ተኮሰች፤ ደገመች፤ የካዝናው ጥይት እስኪያልቅ አላቆመችም። ወረቀቱ ላይ የተሳለው ሰው ደረቱ ተበሳሳ።

«አሁን ሰው ሆንሽ» አለች ላቮን። መነጽሯን ልታመጣ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ቨርን ያገኘውን ጊዜ አላባከነም። የምትኖረው ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቃት።

«ከእሳቸው ጋር።»

«ጣቶችሽ የተሰበሩት እዚያው ቤት ነው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ታዲያ ለምን ወጥተሽ አትሄጂም፣ ልጄ?»

«ሁለቴ ሄጄ ነበር» አለች። «ሁለቴም እየተጎተትኩ ተመለስኩ።»

ቨርን የሚሰማውን ሰማ። ሽያጩን ለመጨረስ የገዢዋን ስም ለመንግሥት ደውሎ ማጣራት ብቻ ነበር የቀረው፤ ስልኩን ግን አላነሳም። ሽጉጡን ወስዶ መስታወቱ ውስጥ ቆለፈበት። ላቮን ስትመለስ ቨርን ልጅቷን መኪና ውስጥ እንድትጠብቅ ላካትና ለዚህች ልጅ ሽጉጥ እንደማይሸጥ ለላቮን ነገራት።

ላቮን ምክንያቱን ጠየቀች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

ቨርን ሁለት እጆቹን መደርደሪያው ላይ ዘርግቶ ጎንበስ አለ። ይህችን ሴት ገና ከበሩ ስትገባ ጠልቷታል። እንዲያም ሆኖ ሬሳዋን ማየት አልፈለገም።

«እመቤቴ፣ ያቺ ልጅ የምትፈራው የመንገድ ሌባ አይደለም። ይህን ሽጉጥ ብሸጥላት የምትተኩሰው ቤትዎ ውስጥ፣ የእርስዎው ሰው ላይ ነው። ገብቶዎታል?»

ላቮን መነጽሯን አደረገች። መስታወቱ ውስጥ የተቆለፈውን ሽጉጥ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ገብቶኛል» አለች። «ልጄ ሐሙስ ከእስር ይፈታል።»