ለሦስት ሰው ያልተሠራ ባቡር

«ተራው ያንቺ ነው» እላታለሁ ኬልሲን፣ ዓይኗን ሳላይ።

«የእኔ? እኔ እኮ ትናንት ማታ ሄጃለሁ!»

«ትናንት ትናንት ነው። ዛሬ በወንበር ቅደም ተከተል ነው የምንሄደው። ስድስት ሰዓት ላይ ጆሊን ሄደች። ከጆሊን ቀጥሎ የሚቀመጠው ማን ነው? አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ነገሩ እውነት ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ባንድ ውስጥ ከጆሊን ጎን ያለው የክላርኔት ወንበር የኬልሲ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ነበር። ከሌላ ከተማ መጣች፣ ለወንበር ፈተናው አንድ ገጽ ሙዚቃ ተጫወተች፣ እኔ ወደ ኋላ ረድፍ ሄድኩ።

የጸደይ ዕረፍታችን ሦስተኛ ቀን ነው። ኦሃዮን ከነበረዶዋ ትተን፣ በአውቶቡስ ተኝተን ተነስተን ፍሎሪዳ ገብተናል፤ ስልሳ ልጆች፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ብርቱካንማ ካናቴራ ለብሰን። መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ ደንቡ ሦስት ሦስት ሆኖ መዞር ነው። በየሁለት ሰዓቱ ከሦስቱ አንዱ አጃቢያችን ሚስስ ሃልቨርሰን ዘንድ ሄዶ ስማችን ላይ ምልክት ያስደርጋል። አለዚያ ሦስታችንም ቀኑን ሙሉ እሳቸው አጠገብ ተቀምጠን እንውላለን። አሁን ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። እሳቸው ሽቅብ ቁልቁል ከሚወነጨፈው ባቡር፣ ከሮለር ኮስተሩ፣ መግቢያ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፤ የገለባ ባርኔጣቸው ለመሳፈር ከቆምንበት ሰልፍ ይታየናል።

ደንቡን ያወጣው ሰው መቼም ሮለር ኮስተር ተሳፍሮ አያውቅም። ወንበሮቹ ሁለት ሁለት ናቸው።

ከመጣን አምስት ጊዜ ተሳፍረናል። አምስቱንም ጊዜ ጆሊንና ኬልሲ አብረው፣ እኔ ከኋላቸው ከማላውቀው ሰው ጋር። አንዴ የደረሰኝ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ቁልቁል ወርደን ሳንጨርስ የጥርሴ ሽቦ መቼ እንደሚወልቅ ጠየቀኝ። ማንም «አንቺ ከኋላ ሁኚ» ብሎኝ አያውቅም። ጆሊን ወሬዋን ሳታቋርጥ ትገባለች፣ ኬልሲ ወሬውን ተከትላ ትገባለች፣ አለቀ።

«እሺ በቃ» ትላለች ኬልሲ። «ግን ሳልመጣ እንዳትሳፈሩ!»

ከፊታችን አራት ሰው ብቻ ቀርቷል። እሷም ታየዋለች። በገመዱ ሥር ሾልካ ትሮጣለች።

ጆሊን ታየኛለች።

«ስንት ናችሁ?» ይላል በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ።

«ሁለት» እላለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ቃል ነው።

የመጀመሪያውን ረድፍ ይሰጠናል። የወንበሩ መያዣ ብረት ደረታችን ላይ ይወርዳል። ባቡሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ወሬ አበዛለሁ፤ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሆቴሉ ቁርስ፣ አራተኛ ክፍል እያለን ከዥዋዥዌ ላይ አብረን ስለወደቅንበት ቀን። ጆሊን ግን ወደ ታች ታያለች።

«ታቢ።»

«እ?»

«ተራው ያንቺ ነበር።»

ሰንሰለቱ ከሥራችን ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንጃ። አሳዘንሽኛ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የፈለግኩት እንድትመርጠኝ ነው። አሁን አጠገቧ ነኝ፣ ክርኗ ክርኔን ይነካኛል፣ ይህንንም የሰጠችኝ አዝናልኝ ነው። ኬልሲ እንዲህ ያለ ነገር ለምና አታውቅም።

«ልታለቅሺ ነው እንዴ?» ትላለች ጆሊን። «ኧረ እንዳታለቅሺ! እንባሽ ሄዶ የሚያርፈው ከኋላ ያሉት ሰዎች ላይ ነው።»

እስቃለሁ። ሳልፈልግ እንኳ ታስቀኝ ነበር።

ጫፉ ላይ ባቡሩ ለአፍታ ቀጥ ይላል። ጆሊን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሳይሞላት ትሞታለች። እኔ ግን ይህን አላውቅም፤ የማስበው ስንወርድ ከኬልሲ ቀድሜ ምን እንደማወራት ብቻ ነው። ከዚያ ምድር ከሥራችን ትጠፋለች።

ስንወጣ ኬልሲ እያለከለከች መውጫው ላይ ትጠብቀናለች።

«ጆ! አየሽኝ አይደል? አጥሩ ጋ ነበርኩ!»

«እንዴት አላይሽም፣ እንደ እብድ እየዘለልሽ!»

ሁለቱ እየተደጋገፉ ይስቃሉ። ስለ ተራው የሚያነሳ የለም። እኔ የባቡሩ ካሜራ በጉዞው መሐል ያነሳንን ፎቶ መውጫው ላይ ከተሰቀሉት ስክሪኖች እፈልጋለሁ፤ አግኝቼም እገዛዋለሁ። እኔና ጆሊን ጎን ለጎን የተቀመጥንበት የዚያ ሳምንት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

ከጆሊን ቀብር በኋላ ኬልሲ ደወለችልኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእኔ ይበልጥ ስላለቀሰች ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበር። «የዚያን ቀን ፎቶ አንቺ ጋ ይኖራል? ላየው ፈልጌ ነበር» አለችኝ። «ጠፍቶብኛል» አልኳት።

መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከኋላችን ያሉት ሁሉ አፋቸውን ከፍተዋል። የእኔ ተዘግቷል፤ ፊቴን ወደ ጆሊን አዙሬያለሁ። የእሷ ፊት ግን አይታይም። ወደ አጥሩ ዞራለች፤ የሚታየው ንፋስ የበታተነው ፀጉሯና፣ ፎቶው ውስጥ ለሌለ ሰው የተዘረጋ እጇ ነው።