ለእኔ ያላደረገውን

«ትልቁ ታች፣ ትንሹ ላይ። ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም» ይላል ባሌ፣ ግማሽ አካሉ የወጥ ቤቱ ካቢኔት ውስጥ ገብቶ። ድስቶቼ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰዋል። እኔ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነው። እያረምኩ ነው ልበል እንጂ፣ አንዱን ወረቀት ደጋግሜ እያነበብኩ አንድም መልስ አልገባኝም።

ባሌ የመጋዘን ኃላፊ ነው። ሲጋራ ካቆመ ወዲህ መጋዘኑን ጠቅልሎ ቤት አምጥቶታል። መጀመሪያ ጫማዎቻችንን ደረደረ፣ ቀጥሎ ፎጣዎቹን፣ ቀጥሎ መድኃኒቶቹን። ትናንት ደግሞ ልብስ ሳሰጣ ከኋላዬ መጥቶ ካልሲ እንዴት እንደሚሰጣ አስተማረኝ። እኔን! ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይሄ ነው። ድሮ ቢያንስ በረንዳ ወጥቶ የሚጠፋበት ጊዜ ነበረው።

«ይሄ ክዳን የማን ነው?»

«የድስት።»

«የትኛው ድስት?»

«እየከደንክ ሞክረው። የገጠመው የሱ ነው።»

«እንዲህ ተብሎ ነው ቤት የሚመራው!» ይላል ለካቢኔቱ።

እውነቱን ልናገርና፣ ካልሲውንም ክዳኑንም እችለው ነበር። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። ከተጋባን ጀምሮ አቁም ብዬ ለምኜዋለሁ። ተቆጥቻለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ አኩርፌ እናቴ ቤት ሄጃለሁ። ሌሊት ሳሉ ሲያንፈራፍረው ጀርባውን እያሻሸሁ «ስለ እኔ ብለህ» ብዬዋለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። መጀመሪያ መጋዘኑ በር ላይ፣ በኋላ ኮሪደሩ ላይ፣ በመጨረሻ ግቢው በሙሉ ተከለከለ። አጫሾቹ ከአጥር ውጭ፣ ቦዩ ዳር ሄደው መቆም ጀመሩ። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድበት ውሎ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተባረረ ተማሪ አጥር ሥር አልቆምም። አቁሜያለሁ» አለኝ። በቃ፣ አቆመ።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ እስከማታ ድረስ። ማታ ጋደም ስል ሆድ ባሰኝ። ሚስት ያን ሁሉ ዘመን ለፍልፋ ያላገኘችውን፣ አንድ ወረቀት በሙጫ ተለጥፎ አገኘው።

«ጭልፋና ቢላዋን ምን አንድ ላይ አመጣቸው?»

ብዕሬን ወረወርኩት ማለት ይቻላል። ቦርሳዬን ከፍቼ ጠዋት የገዛሁትን አንድ ፍሬ ሲጋራ አወጣለሁ። ባለሱቁ «ለእርስዎ ነው?» ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ ሲያየኝ «አዎ» ብዬው ነው የመጣሁት። ምን ልበለው? ሲጋራውንና ክብሪቱን ወስጄ ድስቶቹ መካከል፣ ጉልበቱ ሥር አስቀምጣለሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ረሳኸው? በረንዳ ውጣና አጭስ። አጭስና ቤቴን መልስልኝ!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ፈራሁ። ሳሉ የባሰበት ጊዜ የወሰድኩት ሐኪም የሳንባውን ራጅ ብርሃን ላይ አድርጎ ሲያስረዳ፣ እሱን ትቶ እኔን እያየ ነበር የሚናገረው። አሁን ከለኮሰ በገዛ እጄ ነው የለኮስኩት።

ባሌ ከካቢኔቱ ይወጣል። ሲጋራውን ያነሳና ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫው ሥር ያመላልሰዋል። ክብሪቱንም ያነሳል።

«ምን አድርጌሽ ነው?» ይላል ቀስ ብሎ።

«ጨጓራዬን ላጥከው! ምን ያላደረግከኝ አለ? እኔ ስለምንህ ያልሰማህ ሰውዬ ለወረቀት ታዘዝክ። በል እንግዲህ፣ ወረቀቱ ሚስት ይሁንህ! ካልሲህንም እሱ ያስጣልህ!»

ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም።

«ወረቀቱ የት ነው ያለው?»

«መሥሪያ ቤትህ ነዋ።»

«በረንዳችን ላይስ አለ?»

ዓይኔ ወደ በረንዳው በር ይሄዳል።

«ለመሥሪያ ቤቱማ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መቻል ይበቃኝ ነበር። ሌሎቹ እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ከበር ሳይርቁ ይለኩሳሉ። እሁድ ማን ከለከለኝ? ሌሊት አንቺ ተኝተሽ እኔ በረንዳውን እያየሁ ስገላበጥ፣ ማን ነው የሚይዘኝ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ድምፄ ገና ቁጣ ላይ ነው፣ መውረጃው ጠፍቶታል።

«ብነግርሽና ቢያቅተኝስ? በወረቀቱ ከተመካኘ፣ ስመለስበትም ወረቀቱ ነው የሚያፍረው። ለአንቺ ብዬ ጀምሬ ከወደቅኩ ግን በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር መኖር እንዴት ልብ ያወልቃል! ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሚነግረኝ ቤቱን ሙሉ መገልበጥ ቀሎታል።

«አሁን ይሄን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» ይላል ሲጋራውን እየዘረጋልኝ። «ቶሎ በይ፣ እባክሽ። ክብሪቱንም። ክብሪት ደግሞ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም።»

ልቀበለው ጎንበስ ስል እጁን አያለሁ። ሁለቱ ጣቶቹ መካከል፣ ዕድሜ ልኩን ቢጫ የነበረው ቦታ፣ በሳሙና ሲፈተግ ሰንብቶ ቆዳው ተገሽልጦ ቀልቷል።