የኦይታ ድርሻ

የእንስሳት ሐኪሙ ሲሳይ ለገረሴ አካባቢ ገበሬ ያለው ንቀት ለጉድ ነበር። «ለእነዚህ ከማስረዳት ለበጎቻቸው ማስረዳት ይቀላል» ይላል። በገበያ ቀን ሞተር ሳይክሉን አቁሞ፣ ገበሬዎቹ የሚያመጧቸውን በጎች የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ እያደረገ ያያል። ቀይ ከሆነ ጤነኛ ናቸው፤ ነጭ ከሆነ የሆድ ትል ደማቸውን መጥጦ ጨርሶታል።

የሽማግሌው የኦይታ ሁለት በጎች ዓይን ቆብ እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት ነጥቶ ነበር። ሲሳይ ሁለት ኪኒን ወረወረለት።

«ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ! እንደ ልማዳችሁ እንዳትሸራርፉት፣ ሰማህ?»

በሳምንቱ ኦይታ በጎቹን መልሶ አመጣቸው። የዓይን ቆባቸው በርበሬ መስሏል።

«ሙሉውን ሰጠሃቸው?»

«የለም ዶክተር፤ ለሦስት አካፈልነው።»

«ያሉህ ሁለት በጎች ናቸው! መቁጠርም አትችልም እንዴ?»

ኦይታ ሳይቆጣ መዳፉን ዘረጋ። የኪኒን ስባሪ ይዟል።

«ይሄ የእርስዎ ድርሻ ነው።»

ሲሳይ ገበያተኛው ዞሮ እስኪያየው ድረስ ሳቀ። እየሳቀም፣ ሊያሾፍበት ወደ ሞተር ሳይክሉ መስታወት ጎንበስ አለና የገዛ ዓይኑን ቆብ ገልበጥ አደረገ።

እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት ነጥቷል።